ኔጌቲቭ አርቢ መልሱን ኔጌቲቭ አያደርገውም!

እናንተዬ፣ ደሜ ፈልቷል። 2⁻³ ስንት ነው? (ከ2 በላይ በትንሹ የተጻፈችው −3 አርቢ ትባላለች።) አንድ ስምንተኛ ነው። ልጄም ይህንኑ ነው የጻፈችው። መምህሩ ግን ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ቀይ እስክሪብቶውን ተጭኖ ኤክስ አድርጎባታል፤ ከጎኑም −8 ብሎ ጽፏል።

ነገ ዛሬ ሳልል ከማራኪ ተነስቼ አራዳ ድረስ ሄድኩ። «መምህር፣ ይህ መልስ ትክክል ነው» አልኩት፤ በትሕትና። ወረቀቱን እንኳ ሳያነሳ «አርቢው ኔጌቲቭ ከሆነ መልሱም ኔጌቲቭ ነው፤ ደንብ ነው» አለኝ። የማን ደንብ? 2³ን በ2⁻³ ስናባዛ አርቢዎቹ ተደምረው ዜሮ ይሆናሉ፤ ስለዚህ መልሱ 1 መውጣት አለበት። 8ን በ−8 ካባዛነው ግን −64 ነው የሚመጣው። ይህንን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጽፌ አሳየሁት። አየው። ቀና ብሎም አየኝ። ከዚያ ሁለት ባልደረቦቹ እየሰሙ «እናቴ፣ እርስዎ ምሳዋን ይቋጥሩላት፤ የሒሳቡን ነገር ለእኛ ይተዉልን» አለኝ። ሳቁ! ሁለቱም ሳቁ።

ምሳዋንም እቋጥራለሁ። ቀኑን ሙሉ ደግሞ መድኃኒት ቤት ቆሜ በሚሊግራም የማሰላ ሰው ነኝ! ሚሊግራም ማለት 10⁻³ ግራም ነው፤ የግራም አንድ ሺህኛ። በእርሱ ስሌት ብሄድ ለበሽተኛ ከዜሮ በታች መድኃኒት ልሰጥ ነው።

ይኸው ሰው ነው፣ ከዜሮ በቀር ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ሲራባ ለምን አንድ እንደሚሆን የጠየቀችውን ልጅ «ተቀመጪ፣ ሸምድጂው» ያላት። ምኑ ይሸመደዳል? 2ን በ3፣ በ2፣ በ1፣ በ0 ስናራባው 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነው፤ አርቢው በአንድ በቀነሰ ቁጥር መልሱ ለሁለት ይካፈላል። እዚያ ላይ አይቆምም፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያለ ይቀጥላል። ድፎ ዳቦ ቢካፈል ቢካፈል ያንሳል እንጂ ዕዳ አይሆንም! −8 የሚመጣው መሠረቱ፣ ማለትም የሚራባው ቁጥር ራሱ −2 ሆኖ በሦስት ሲራባ ነው፤ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ኒውተን እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1676 በጻፈው ደብዳቤ፣ 1ን ለአንድ ቁጥር ማካፈልን በኔጌቲቭ አንድ አርቢ እንደሚጽፈው አስረድቷል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ!

መዋጮ ሲሆን ወላጅ ይፈለጋል። ለአጥር፣ ለጥበቃ፣ ለወንበር ሲባል ስልኬ አያርፍም፤ ስመጣም ወንበር ይሳብልኛል። ዛሬ ስለ ትምህርት ልጠይቅ ብመጣ ቆሜ ተሰደብኩ።

ማታ ልጄን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። ገና ድሮ ገብቷታል። የጠየቀችኝ ሌላ ነው፦ «እማዬ፣ ማጠቃለያ ፈተናው ላይ የትኛውን ልጻፍ?» ትክክለኛውን ጻፊ አልኳት። ሆዴ ግን አልተረጋጋም፤ ማርኩን የሚሰጠው እርሱ ነው።