ይድረስ ለጋሽ አስፋው ኮንፈረንስ፤ ባሉበት

ጋሽ አስፋው፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ።

ስሙን ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ። ፈረንጆቹ «ኮንፈረንስ ኤክስፓንሽን» ይሉዎታል፣ ኮንፈረንስን ማስፋፋት ማለታቸው ነው፤ ለአፍም አይመችም። መጀመሪያ አስፋወሰን ልልዎ አስቤ ነበር። በኋላ ሳየው ወሰን የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አያውቁትም። አስፋው ይበቃዎታል።

የማያውቅዎ አንባቢ ካለ በአጭሩ ላስተዋውቅ። አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ስፖርት የሚኖረው በኮንፈረንስ ነው። ኮንፈረንስ ማለት እድር በሉት። ጎረቤት ኮሌጆች ተሰባስበው እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ደግሞ ይከፋፈላሉ። እድር ሆኖ ሳለ ደህና ነበር። እርስዎ መጥተው «አንድ ሁለት ሰው ብንጨምርስ?» ያሉ ቀን ነው የተበላሸው።

እርስዎን በብዛት የማገኝዎ ሐምሌ ላይ ነው፤ ጨዋታ በሌለበት ወር። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እኛ ሹፌሮች ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። ድሮ የምንጨቃጨቀው ስለ አርሴናል ነበር። ልጆቻችን ኮሌጅ ሲገቡ ጭቅጭቁም አብሯቸው ገባ። አንዱ ናፕኪን ላይ የአሜሪካን ካርታ ይስላል፤ ፍሎሪዳን ሁልጊዜ ያሳጥራታል። «ኖትርዳምን ብንጨምር!» ይላል። እንጨምር? አንተ ማነህ? ባለፈው ሳምንት ለፓርኪንግ ቅጣት ከእኔ የተበደረ ሰው እኮ ነው። ሌላው ይነሳና «ኖትርዳም በፉትቦል (በአሜሪካኖቹ፣ በእጅ በሚያዘው) ወንደላጤ ነው፣ ኮንፈረንስ የለውም፣ አያገባም፤ ክሌምሰንና ፍሎሪዳ ስቴት ይሻላሉ» ይላል። ሁለቱ ደግሞ መውጫው ውድ ሆነባቸውና የገዛ ኮንፈረንሳቸውን ፍርድ ቤት ያቆሙ ናቸው። የራሱን እድር የከሰሰ ሰው የእኛ እድር ካልገባ ብሎ የሚሟገት ሲገኝ ምን ይባላል? ቡናው ይቀዘቅዛል።

አሁን የሂሳብ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ቢግ ቴን የሚባለው ኮንፈረንስ በስሙ አሥር ነው። አባላቱ ዛሬ 18 ናቸው። ቢግ ትዌልቭ በስሙ አሥራ ሁለት ነው፤ አባላቱ 16። ከ2011 እስከ 2014 ደግሞ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቢግ ቴን 12፣ ቢግ ትዌልቭ 10 ነበሩ። ስም ቢለዋወጡ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር፤ የሚነግራቸው ሰው ጠፋ። ነገሩን ሳብሰለስል ቆይቼ አንድ ሌሊት መኪና ውስጥ ተገለጠልኝ። የሀበሻ ሰዓት ነው! 18 ሰዓት በእኛ ስንት ነው? 12። 16 ሰዓትስ? 10። ቢግ ቴን በሀበሻ 12፣ ቢግ ትዌልቭ በሀበሻ 10፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው። ጋሼ፣ የማን ልጅ ነዎት? እውነቱን ይንገሩኝ። ዘመዳሞች ሳንሆን አንቀርም።

የጎረቤቴንም ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። በ1953 ኤሲሲን፣ ማለትም የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስን፣ ከመሠረቱት አንዱ ነበር። ከዱክና ከኖርዝ ካሮላይና ጋር በቅርጫት ኳስ የነበረው ጠብ አገር ያወቀው ነው። በ2014 እጁን ይዘው ለቢግ ቴን ዳሩት። እድሩ «መውጫ ክፈል» አለ፤ ተካሰሱ፤ በ31.4 ሚሊዮን ዶላር ተገላገሉ። አብሮት የገባው የኒው ጀርሲው ረትገርስ ነው። ረትገርስ የተመረጠው በፉትቦሉ ነው እንዳይሉኝ። ለኒው ዮርክ ስለሚቀርብ ነው። ቢግ ቴን የራሱ የኬብል ቻናል አለው። በአካባቢው ኬብል ያስገባ ቤት አየም አላየም በየወሩ ከሂሳቡ ይቆረጥለታል። ተመልካች አልተቆጠረም ጋሼ፤ ሶኬት ነው የተቆጠረው።

«ትምህርት ይቀድማል» ማለትም ያበዛሉ። ነብራስካ በ2011 ቢግ ቴን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የታላላቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከአባልነት አስወጣው። ሙሽራዋ ለሰርጉ ሽር ጉድ እያለች ዲግሪዋን ተቀማች ማለት ነው። ሰርጉ ግን በቀኑ ተደገሰ።

ስለ ሰርግ ካነሳን የ2016ቱን አልረሳልዎም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚልከው ፈላጊው ነው። ቢግ ትዌልቭ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሙሽሮቹን አስጠራ። 11 ዩኒቨርሲቲዎች ተራ በተራ ቀርበው ራሳቸውን አስረዱ፤ ስታዲየማችን ይኸን ያህል ይይዛል፣ ከተማችን ይኸን ያህል ቴሌቪዥን አለው እያሉ። ኦክቶበር ላይ ኮንፈረንሱ ተሰበሰበና «ማንንም አንጨምርም» አለ። በቃ። ያ ሁሉ ቤተሰብ ልብስ አሰፍቶ፣ ፀጉር ተሠርቶ ወደቤቱ ተመለሰ። በ2021 ግን የራሱ አባላት፣ የቴክሳስና የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለመኮብለል ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመሩ። ሁለቱ በኋላ ከቀናቸው አንድ ዓመት ቀድመው ለመውጣት 100 ሚሊዮን ዶላር የከፈሉ ናቸው፤ ችኮላቸውን ከዚህ ይዩት። ያን ጊዜ ያ ኩሩ ቤት ስልክ አነሳ። ለእነማን ደወለ? ለሂዩስተን፣ ለሲንሲናቲ፣ ለቢዋይዩ፣ ለዩሲኤፍ። አራቱም ከእነዚያው ከ11ዱ ናቸው። አንዳቸውም «አኩርፈናል» አላሉም። የሀበሻ ቤተሰብ ቢሆን ቢያንስ አንድ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ይመልስ ነበር።

ከዚያ ትልቁን ሥራዎን ሠሩ። ጁን 30 ቀን 2022 የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ፓክ ትዌልቭ የሚባለውን የምዕራብ ዳርቻ እድራቸውን ትተው ቢግ ቴን እንደሚገቡ ተሰማ። በዚያው ኦገስት ኮንፈረንሱ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የ7 ዓመት፣ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ውል ያዘ። በዓመቱ ኦሪገንና ዋሽንግተን ተከተሉ። አሁን ዩሲኤልኤና ረትገርስ የአንድ እድር ሰዎች ናቸው። በመካከላቸው 4,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ አለ። ከአዲስ አበባ ዱባይ እንኳ 2,500 ገደማ ነው። እህቶቻችን ዱባይ ሲሄዱ «ሰው አገር ሄደች» ብለን እናለቅሳለን፤ እርስዎ ግን ይኼን ጉርብትና ይሉታል።

አንድ ነገር ግን ወድጄልዎታለሁ። ዩሲኤልኤና በርክሌይ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ታናሹ ኮብልሎ ታላቁ ሜዳ ላይ ሲቀር፣ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ታናሹ ላይ ቀለብ ቆረጠበት። በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር፣ ለ3 ዓመት። የፍቺ ቀለብ ሰምቼ አውቃለሁ፣ የልጅ ቀለብም አውቃለሁ። የወንድም ቀለብ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።

ሜዳ ላይ የቀረው በርክሌይ ከስታንፎርድ ጋር የት ገባ? የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ! ሁለቱም ፓስፊክ ዳር ናቸው። ይኼ የጣና ዳር ልጆች ማኅበር አቋቁሞ፣ ሐይቅ አለው ብሎ ሀዋሳን አባል ማድረግ ነው። ውሃ ውሃ ነው መቼም። የዳላሱ ኤስኤምዩ ደግሞ ለ9 ዓመት የቴሌቪዥን ድርሻዬ ይቅርብኝ ብቻ አስገቡኝ ብሎ ገባ። ጥሎሹን ራሷ ተሸክማ የመጣች ሙሽራ ናት።

የቀሩትስ? ይኼ ላይ መቀለድ ይከብደኛል፣ ግን ልሞክር። ፓክ ትዌልቭ ታሪኩን ከ1915 ጀምሮ የሚቆጥር እድር ነው። ከ12ቱ 10ሩ ወጡና ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። እድሩ ራሱ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ድንኳን የሚተክሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቃሬዛ ለመያዝም አይበቁም። ደንቡ ደግሞ በፉትቦል ስምንት ካልሞላችሁ ኮንፈረንስ አትባሉም ይላል። እነሱም ሰፈር ለሰፈር ዞረው ቦይሲ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ፍሬዝኖ ስቴትን፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትንና ዩታ ስቴትን ሰበሰቡ። ሰባት። ከዚያ ጎንዛጋን ጨመሩ፤ ስምንት ሞላ ተብሎ ሊጨበጨብ ሲል ጎንዛጋ ፉትቦል የለውም። እንደገና ሰባት። በመጨረሻ ቴክሳስ ስቴት ተገኘ፣ ፓስፊክን በፎቶ የሚያውቅ። እውነቱን ለመናገር ከእርስዎ ልጆች ሁሉ የማዝንላቸው እነዚህ ናቸው። ስግብግብ ሆነው ሳይሆን ቁጥር ጎድሎባቸው ነው የዞሩት።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። የእህቴ ልጅ እግር ኳስ ትጫወታለች፤ በእግር የሚመታውን። ኮሌጇን አልጠራም፤ የዳሩት እርስዎ ስለሆኑ ያውቁታል። ይኼ ሁሉ ዝውውር የሚደረገው ለፉትቦል ነው። ፉትቦል በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ነው። የእሷ ቡድን ግን ሐሙስ ተጫውቶ እሑድ ይደግማል። ሜዳው ላይ ያለውን ተመልካች ከእነስማቸው መጥራት እችላለሁ፤ ግማሹ ወላጅ ነው።

ባለፈው ምዕራብ ዳርቻ ሄደው የስታትስቲክስ ፈተና ነበራት። ፈተናው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ላይ በኮምፒውተር ይከፈታል። እሷ ያለችበት ገና ከሌሊቱ 11 ነው። ሆቴሉ ውስጥ አብራት የምታድረው ልጅ እንዳትነቃ መታጠቢያ ቤት ገባች። የመጸዳጃውን ክዳን ዘግታ ተቀመጠችበት። ግራ ጉልበቷ ላይ በረዶ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ላፕቶፑን በቀኙ ብቻ ደገፈችው። በረዶው እየቀለጠ ካልሲዋን ሲያርሰው እሷ አማካይና መካከለኛ ትለያለች። «ስንት አመጣሽ?» አልኳት። «አጎቴ፣ ከጉልበቴ ይሻላል» አለችኝ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ቀጣዩን ኮሌጅ የሚመርጡት እርስዎ ከሆኑ፣ አማካሪ ድርጅት አይቅጠሩ። እኔን ይጥሩኝ፤ ቡና ካጠጡኝ ይበቃኛል። ሹፌር ነኝና በሹፌር ነው የምለካው። አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ አውቶቡስ ሹፌር በአንድ ፈረቃ ከ10 ሰዓት በላይ እንዲነዳ ሕጉ አይፈቅድለትም። አንድ ሹፌር፣ አንድ አውቶቡስ፣ ደርሶ መልስ። በዚያ ውስጥ ከገባ አባል ይሁን። ሜሪላንድና ረትገርስ ያልፋሉ፤ ይኸው ለረትገርስም ፈረድኩለት። ስታንፎርድና በርክሌይ ያልፋሉ። ዋሽንግተን ስቴትና ጎንዛጋ ፉትቦል ኖረም አልኖረ ያልፋሉ፤ ሹፌሩ ምሳውን ሳይበላ ይደርሳል። ስታንፎርድና ቦስተን ኮሌጅ? ሹፌሩ ጡረታ ይወጣል።

ሁለተኛው መለኪያዬ ጠብ ነው። የሚናደዱበት ሰው አላቸው ወይ? ኦክላሆማና ኦክላሆማ ስቴት ከመቶ ዓመት በላይ ሲናቆሩ ኖረው በ2023 እርስዎ አስታረቋቸው፤ ማለትም ፉትቦል መጫወት አቆሙ። ቴክሳስና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ከ2011 በኋላ በፉትቦል 13 ዓመት ሳይገናኙ ቆዩ። በዚያ መሃል ተወልዶ፣ አድጎ፣ ድምፁ የጎረነነ ልጅ አለ። በጎረቤት መናደድ ለሰው ያስፈልገዋል። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ደጋፊ ረትገርስ ላይ እንዴት ብሎ ይናደዳል? ምን አደረጉት?

ይኼን ሁሉ የምጽፍልዎ ኤርፖርት፣ መኪና አቁመን «ደረስኩ» የሚል ስልክ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ቆሜ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል። ቡድኑ አውሮፕላን ዘግይቶበት አሁን ገና መድረሱ ነው። ከፊቴ ያሉት ሦስት መኪኖች ውስጥ ያሉትን ወላጆች አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ ወንበሯን ዘርግታ ተኝታለች፣ ስልኳ ደረቷ ላይ ይበራል። ልጅቷ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፍል አላት። ፌስታል ውስጥ ዳቦ ቆሎ ይዤላት ነበር፤ ግማሹን እኔ ስጽፍ ጨረስኩት። ይኼም በእርስዎ ሂሳብ ይያዝ።

ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ላቋርጥዎት። አሁን ደውላልኝ ነበር። እሷ አርፋለች። ሻንጣዋ ግን ሌላ ኮንፈረንስ ገብቷል።