ጽጌረዳውም ቲማቲሙም ከባቱ ነው የሚነሳው

የምሠራው ኔዘርላንድ፣ አልስሜር ውስጥ ነው። ትልቁ የአበባ ጨረታ ያለበት ከተማ ነው። አበባ የተጫነባቸውን ጋሪዎች እየጎተትኩ ከቀዝቃዛው መጋዘን ወደ ገዢዎች አወጣለሁ። አንዳንድ ሌሊት ባልዲው ላይ በተለጠፈው ወረቀት «ኢትዮጵያ» የሚል አነባለሁ። ስንት ዓመት ሠርቼም ልቤ ይሞቃል።

ብዙው ጽጌረዳችን የሚመጣው ከባቱ፣ ከድሮዋ ዝዋይ ነው። አበባው እንደተቆረጠ እዚያው እርሻው ላይ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል። ከ2 እስከ 4 ዲግሪ። ከዚያ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ፣ ከቦሌ በአውሮፕላን አውሮፓ። የደከመ አበባ ቢመጣ የማን እርሻ እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል። ጥፋቱ የት እንደተፈጠረ ይፈለጋል፣ ይገኛልም።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት አገር ቤት ገባሁ። የአጎቴ ልጅ አትክልት ነጋዴ ነው። ቲማቲም ሊጭን ባቱ ሲወርድ አብሬው ሄድኩ።

ቲማቲሙ በደንብ ቀልቶ ነው የተለቀመው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ከባሕር ዛፍ በተመታ የእንጨት ሳጥን ውስጥ እስከ አፉ ሞሉት። ደላላና ገበሬ በዋጋ እስኪስማሙ ሳጥኖቹ ፀሐይ ላይ ዋሉ። ከዚያ አይሱዙ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደረደረ። የላይኛው ክብደት የሚያርፈው የታችኛው ቲማቲም ላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መንገዱን አልወቅስም፣ ፈጣን መንገድ አለ። አትክልት ገበያው ስንደርስ ግን ከመኪናው ሥር ቀይ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር።

የአጎቴ ልጅ አልደነገጠም። «እኔ ስገዛ የታችኛውን ረድፍ እንደሌለ ቆጥሬ ነው» አለኝ።

ይህ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እሱ እንደሌለ የቆጠረውን ረድፍ ዋጋ የምትከፍለው ጉሊት ላይ ግማሽ ኪሎ የምትገዛው እናት ናት። ገበሬውም ቢሆን በዚያው ስሌት ነው ዋጋ የሚቆረጥበት።

እውቀት ጠፍቶ ነው እንዳልል፣ አበባ እርሻ ላይ የሚሠሩት የባቱ ልጆች ስለ ቅዝቃዜ አያያዝ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ልዩነቱ ጽጌረዳው እስከ መጨረሻው ጠያቂ አለው። ቲማቲሙ ከገበሬ ወደ ደላላ፣ ከሾፌር ወደ ጫኝና አውራጅ፣ ከዚያ ወደ አከፋፋይ ሲተላለፍ እያንዳንዱ «ከእጄ ወጣ» ብሎ ይገላገላል።

ለቲማቲም ደግሞ እንደ አበባው ያለ ቅዝቃዜ አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ይጎዳዋል። ቀለም መለወጥ ሲጀምር መልቀም፣ ጥላ ሥር ማቆየት፣ ሲመሽ መጫን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክብደቱ ሳጥኑ ላይ እንጂ ፍሬው ላይ የማያርፍ የፕላስቲክ ሳጥን።

«የፕላስቲኩ ውድ ነው፣ ከሄደም አይመለስም» አለኝ የአጎቴ ልጅ። እዚህ ኔዘርላንድ ሳጥን በመያዣ ብር ነው የሚሰጠው። ባዶውን የመለሰ ብሩን ይቀበላል። ለአገራችንም አዲስ ነገር አይደለም። ባዶ ሳጥን ከነጠርሙሱ ሳይዝ ቢራ ሊያመጣ የሚሄድ ባለ ግሮሰሪ የለም። ለለስላሳው ሳጥን ይህን ያህል ዘመን የተማመንን ሰዎች ለቲማቲሙ የማንተማመንበት ምክንያት አይታየኝም። ይህንኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሲያስብ ቆየ።

ከተመለስኩ በኋላ 30 ሳጥን ገዛ። ከሁለት ገበሬዎችና ከአንድ አከፋፋይ ጋር በመያዣ ተስማማ። ባለፈው እሑድ ሲደውልልኝ ከሰላምታው በፊት የነገረኝ የሳጥኑን ነገር ነው። 26ቱ ተመልሰዋል። አራቱ ያሉት አንድ ሾፌር ቤት ነው፣ ማክሰኞ ይዞ እንደሚመጣ ነግሮታል።