ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

ነርሷ ኮምፒውተሯን አይታ የመውለጃ ቀኔ ሴፕቴምበር 27 መሆኑን የነገረችኝ ዕለት፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ደውዬ እናቴን «ለመስቀል ነው» አልኳት። ዝም አለች። በጣቶቿ እየቆጠረች እንደሆነ አውቄያለሁ። «ጳጉሜን አስገብተዋታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ የሚቆጠረው በሳምንት ነው፤ የመጨረሻው የወር አበባ ከመጣበት ቀን ተነሥቶ 40 ሳምንት፣ 280 ቀን። እናቴ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትቆጥረው። ብሥራት መጋቢት 29፣ ልደት ታኅሣሥ 29። ዘጠኙ ወር 270 ቀን ነው፤ በመካከሉ ጳጉሜን ስላለች አምስት ይጨመርበታል። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን የምንለው ከዚህ ነው።

መንዝ ውስጥ መምህርት የሆነችው ታናሽ እህቴም ነፍሰ ጡር ናት፤ ከእኔ ሦስት ሳምንት ብቻ ትዘገያለች። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ዓይነት ደስታ በሁለት አገር ምን እንደሚመስል በየሳምንቱ በስልክ ስናስተያይ ከርመናል።

የመጀመሪያው ደስታ የእኔ ነበር፣ በ8ኛው ሳምንት። አልትራሳውንዱ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ታየች፤ በመካከሏ ነጭ ነጥብ ብልጭ ድርግም ይላል። «ልቡ ነው» አለችኝ ባለሙያዋ። ድምፁን ስትከፍተው ክፍሉን የፈረስ ግልቢያ ሞላው፤ በደቂቃ 160 ጊዜ ይመታል። ባለቤቴ እጄን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሁለታችንም አንድ ቃል መናገር አቃተን። በስልኬ ቀርጬ ለእናቴ ላክሁላት። ደጋግማ ሰማችውና «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለችኝ፤ አከታትላም ለማንም እንዳላሰማ አስጠነቀቀችኝ።

እህቴ ይህን የመሰለ ድምፅ አልሰማችም። በ22ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ አዋላጅ ነርሷ ቀንድ የመሰለውን የእንጨት ማዳመጫ ሆዷ ላይ ተክላ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ዓይኗን የእጅ ሰዓቷ ላይ አድርጋ ትቆጥራለች። እህቴ የተኛችው ምንም ሳትሰማ ነው። የምታየው የአዋላጇን ፊት ብቻ ነበር። ፊቱ መጀመሪያ ጨፍገግ አለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ፈካ። «እኔ በእሷ ጆሮ ሰማሁት» ብላ ነገረችኝ። ይህን አባባሏን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ መሣሪያው የሰጠኝን ድምፅ ነው የሰማሁት፤ እሷ ግን ደስታዋን ከሌላ ሴት ፊት ላይ ነው ያነበበችው።

ስለ መደበቁ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካኖችም ቢሆኑ ብዙዎቹ እስከ 12ኛው ሳምንት እርግዝናቸውን አያወሩም፤ አብዛኛው ውርጃ የሚያጋጥመው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ ዓይን እንፈራለን፤ ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ አፋችንን እንዘጋለን። ሁለቱንም ፍርሃት አከብራለሁ። ነገር ግን የእነሱ ዝምታ ሐኪሙን አይጨምርም፤ የእኛ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፣ ይህ ያሳዝነኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቢያንስ አንድ ጊዜ በባለሙያ የታዩት እናቶች 74 በመቶ፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት 43 በመቶ ነበሩ። የመንገዱ ርቀትና የገንዘቡ እጥረት እንዳለ ሆኖ፣ «ገና ነው፣ አይወራም» የሚለው ቃልም በመካከሉ አለ። እህቴን በሦስተኛው ወር ሂጂ ብዬ ብለምናትም የሄደችው ዘግይታ ነው፤ ጎረቤት እንዳያያት ብላ።

የ20ኛው ሳምንት ምርመራዬ ግንቦት 1 ላይ ዋለ። እኔ ቀዝቃዛው ቅባት ሆዴ ላይ ተቀብቶ ስተኛ፣ ልደታ ናትና እህቴ ከሰፈር ሴቶች ጋር ደጅ ተቀምጣ ንፍሮ ትበላ ነበር። ለእኔ አከርካሪውን፣ ኩላሊቶቹን፣ የልቡን አራት ክፍሎች አንድ በአንድ እያሳዩ «ጤነኛ ነው» አሉኝ፤ ሴት መሆኗንም ነገሩኝ። እህቴን ደግሞ አንዲት አሮጊት የሆዷን ቅርጽ አይተው ወንድ ነው ካሉ በኋላ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ መረቋት። በዚያ ቀን ያየሁትን በምንም አልለውጠውም። ነገር ግን ከምርመራው ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ፣ አሜን የምልበት ምርቃት ናፈቀኝ።

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የተንቀሳቀሰችው ሌሊት ነው። የምሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ፣ በሌሊት ፈረቃ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አልጋ ሳስተካክል ከእምብርቴ በታች ዓሣ በውኃ ውስጥ እንደሚገለበጥ ያለ ነገር ተሰማኝ። ቀጥ አልኩ። እንደገና መጣ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው፤ እናቴ ጋ መደወል እችል ነበር፣ ግን ሴትዮዋ ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። የተጨማደደ እጇን አንስታ ሆዴ ላይ አኖረችና ዝም ብላ ጠበቀች። በዚያ ሳምንት ከውጭ ሆኖ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። እናቴ በማግሥቱ ስትሰማ የኤልሳቤጥን ነገር አነሣች፤ ፅንሱ በማሕፀኗ በደስታ የዘለለው ዘመዷ ማርያም ቤቷ ገብታ ሰላም ስትላት ነው አለችኝ።

አሁን ሁለታችንም ወደ መጨረሻው እየተጠጋን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። እዚህ ያለው እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ ሥራ እንዳላጣ 12 ሳምንት ይጠብቅልኛል፣ ያለ ክፍያ። ይህን ስናገር የሚያምነኝ የአገር ቤት ሰው ጥቂት ነው። እኔም እስከ መጨረሻው ሳምንት ለመሥራት አስቤያለሁ።

እህቴ ከጤና ጣቢያ የራቁ የገጠር ሴቶች ወራቸው ሲገባ እናቶች ማቆያ መጥተው እንደሚጠብቁ አጫውታኛለች። ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እንዲህ እያስጠበቀ ያዋልዳል። ሴቶቹ አብረው ቡና ያፈላሉ፣ አንዷ ስትወልድ ሌሎቹ እልል ይላሉ። የምጥን ዋዜማ እንደዚያ ማሳለፍ ምንኛ መታደል ነው!

ባለፈው ሳምንት አንድ መንገደኛ የእናቴን ጥቅል አመጣልኝ። የገብስ ገንፎ ዱቄት፣ በጠርሙስ የታሸገ ንጥር ቅቤ፣ በርበሬ። ቅቤውን ስከፍተው የኮሰረቱ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው፤ ልጄም ተገላበጠች። ሁለት ኢትዮጵያውያት ጎረቤቶቼ ገንፎውን እነሱ እንደሚያገነፉ ነግረውኛል፤ ማንኪያ እንጂ ሌላ እንዳላዘጋጅም።

በእኛ ሰፈር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። ለእኔ ሦስት ጊዜ እልል እንደተባለልኝ ስለማውቅ፣ ትናንት እናቴን አንድ ነገር ለመንኳት። የምሥራቹን ስደውል ጎረቤቶቿን ሰብስባ ለልጄ ሰባት ጊዜ እልል እንዲሉላት። እንደ መጀመሪያው ቀን ዝም አለች። ደግሞ በጣቶቿ እየቆጠረች መሰለኝ።

«እሺ» አለችኝ፤ «ያኔ የእኔ እናት ብትኖር ለአንቺም ሰባት ትልልሽ ነበር።»