ልኩን ሳይወስዱ የሚሰፉለት ተመልካች

ሁለት ፖስተሮችን ጎን ለጎን አድርጌ እያየሁ ነው። ሁለቱም በ2015 መጨረሻ የወጣው፣ ስታር ዋርስ የተባለው የጠፈር ጦርነት ተከታታይ ፊልም ሰባተኛ ክፍል፣ የ«ዘ ፎርስ አዌከንስ» ናቸው (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አንደኛው ለአሜሪካ የተሠራ ነው። ከናይጄሪያውያን ወላጆች ለንደን ውስጥ የተወለደው ተዋናይ ጆን ቦዬጋ ሰማያዊውን የብርሃን ሰይፍ ይዞ ጎላ ብሎ ይታያል። ለቻይና በተሠራው ላይም አለ፤ ግን አንሷል። ጓቲማላ የተወለደው ሌላው ተዋናይ ኦስካር አይዛክ ጭራሽ የለም። ሰው ያልሆነው ጸጉራሙ ገጸ ባሕርይ ቹባካም የለም። ቹባካ የየትኛው ዘር ተወካይ ተብሎ እንደተሰረዘ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ በወቅቱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፤ ብዙ ሰውም ቻይናውያን ጥቁር ማየት አይወዱም ማለት ነው ብሎ ደመደመ። የእኔ ወቀሳ ወደ ሌላ ሰው ነው። ፖስተሩን የሠራው ተመልካቹ አይደለም። የሠራው ተመልካቹን አውቀዋለሁ የሚል ሻጭ ነው።

ሻጩ ለምን እንደተጨነቀ ለመረዳት ገንዘቡን ማየት ያስፈልጋል። በ2012 አሜሪካና ቻይና በደረሱበት ስምምነት፣ ከትኬት ሽያጭ ድርሻ ወስደው ቻይና ውስጥ መታየት የሚችሉ የውጭ ፊልሞች ቁጥር በዓመት ከ20 ወደ 34 ከፍ አለ። የስቱዲዮው ድርሻም 25 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። የተጨመሩት 14 ፊልሞች ደግሞ በስሪ ዲ ወይም አይማክስ በሚባለው የግዙፍ ስክሪን ስልት የተሠሩ መሆን ነበረባቸው። ይህ በር በማን ልክ እንደተቆረጠ ግልጽ ነው፦ ሁለት ሰዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው የሚያወሩበት ፊልም አያልፍበትም፤ ከተማ የሚያፈርስ ሮቦትና የሚነድ መርከብ ግን ሰተት ብለው ይገባሉ። የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ዋነኛ የወጪ ንግድ ዕቃ የሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የፊልሙ ባለቤት ዲዝኒ ስታር ዋርስን ለቻይናውያን ለማስተዋወቅ ገንዘብ አልሰሰተም። ነጭ ጥሩር የለበሱ 500 የፊልሙን ወታደሮች ምስል ታላቁ የቻይና ግንብ ደረጃዎች ላይ አሰለፈ። ዝነኛውን ወጣት ድምፃዊ ሉ ሃንን አምባሳደር አድርጎ ዘፈን አዘፈነው። ፊልሙ እዚያ ወደ 124 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። መጥፎ አይባልም፤ ነገር ግን በ2014 የመጣውና ምንም ዓይነት የቀደመ ታሪክ ያልነበረው «ኢንተርስቴላር» ከዚህ እምብዛም ያላነሰ ሽጧል። ከዚያ በኋላ የመጡት የስታር ዋርስ ፊልሞች ጉዞ ቁልቁለት ነው። ዝነኞቹ የቻይና ተዋናዮች ዶኒ የንና ጂያንግ ዌን የተጫወቱበት «ሮግ ዋን» ወደ 69 ሚሊዮን፣ «ዘ ላስት ጄዳይ» ወደ 42 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። በ2018 «ሶሎ» ሲመጣ ከቻይንኛ ርዕሱ ላይ «ስታር ዋርስ» የሚለው ስም ራሱ እንዲወጣ ተደረገ። መጀመሪያ ተዋናዩን አሳነሱ፣ በመጨረሻ የፊልሙን ስም ሰረዙ። ገቢው 16 ሚሊዮን አካባቢ ነበር።

በእኔ ግምት ችግሩ የማንም ፊት አልነበረም። የመጀመሪያው ስታር ዋርስ በ1977 ሲወጣ የቻይናው የባህል አብዮት ካበቃ ገና አንድ ዓመት ነበር። አሜሪካዊው አባት ልጁን ይዞ ሲኒማ ቤት የሚሄደው የራሱን ልጅነት ፍለጋ ነው፤ ቻይናዊው አባት ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ያስቀመጠው ልጅነት የለውም። 500 የፕላስቲክ ወታደር ግንብ ላይ ቢደረደር ይህን አያመጣለትም።

እዚህ ላይ «ትራንስፎርመርስስ? ያ የሮቦቶች ፊልም እዚያ ሰምሮለት የለም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። በ2014 የወጣው አራተኛው ክፍል እንደ ማጎብደድ ከሆነ ወደር አልነበረውም። የዓለም ምርቃቱ ሆንግ ኮንግ ተካሄደ፤ ቻይናዊቷ ተዋናይት ሊ ቢንግቢንግ ሚና ተሰጣት፤ ይባስ ብሎ ቴክሳስ መሀል ያለ ሰው በቻይና ኮንስትራክሽን ባንክ ካርድ ገንዘብ ሲያወጣ ይታያል። ቻይና ውስጥ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ፣ ከአሜሪካም በለጠ። ነገር ግን ሰው ያን ሁሉ ትኬት የገዛው የባንክ ካርድ ለማየት አይመስለኝም። የትራንስፎርመርስ የካርቱን ተከታታይ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቻይና ቴሌቪዥን ታይቷል፤ ልጆቹም በመጫወቻዎቹ አድገዋል። የ2014ቱ ወረፋ የተያዘው ያኔ ነው።

ማጎብደዱን ብቻውን ማየት ለፈለገ «አይረን ማን 3» አለ። ለቻይና በተዘጋጀው ቅጂ ላይ ብቻ የተጨመሩ ደቂቃዎች ነበሩት፤ ዋንግ ሹዌቺ ሐኪም፣ ዝነኛዋ ፋን ቢንግቢንግ ደግሞ ረዳቱ ሆነው። ታሪኩ ላይ የሚጨምሩት ነገር የለም፤ የወተት መጠጥ ማስታወቂያ ግን ገብቶበታል። ቻይናውያን ተሳለቁበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሚና «የአበባ ማስቀመጫ» የሚል ስም አላቸው፦ ጠረጴዛ ላይ ለጌጥ የሚቀመጥ፣ ማንም የማያናግረው። ስቱዲዮዎች ከፈጠሯቸው ገጸ ባሕርያት ሁሉ እጅግ ልብ ወለድ የሆነው ይህ «የውጭ ተመልካች» የሚሉት ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ የአገሩን ወተት ካሳዩት የሚደሰት፣ ጥቁር ፊት ካየ የሚደነግጥ።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ቪዲዮ ቤት ነበር። በሩ ላይ አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ተንጠልጥላለች፤ ባለቤቱ በየቀኑ በእጅጌው ጠረግ ያደርግና በጠመኔ ይጽፍባታል። የፊልም ርዕስ ጽፎ አያውቅም። «አርኖልድ። ሮቦት ሆኖ። 8 ሰዓት።» በቃ፣ «ተርሚኔተር» ለእኛ የተዋወቀው በዚህ ነው። ሰውየው ከየትኛውም ስቱዲዮ ሳንቲም አልተከፈለውም፤ እኛን ግን ያውቀን ነበር። ርዕሱ ምንም እንደማይነግረን፣ የአርኖልድ ስም ግን ደብተራችንን እንኳ ቤት ሳናደርስ እንደሚያሰልፈን ያውቃል።

በ2018 «ብላክ ፓንተር» ሲመጣም ለቻይና የተሠራ አንድ ፖስተር የዋናውን ተዋናይ፣ የጥቁር አሜሪካዊውን የቻድዊክ ቦዝማንን ፊት በጭምብል ሸፍኖ ወጣ፤ የአሜሪካው ላይ ፊቱ ገሃድ ነበር። ፊልሙ ግን ቻይና ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ፤ የተባለው ድንጋጤ አልታየም። እኔን ወደ ፊልሙ የሳበኝ ደግሞ ፖስተር አይደለም፤ አቤል ተስፋዬ ከራፐሩ ኬንድሪክ ላማር ጋር ለፊልሙ የሠራው ዘፈን ቀደም ብሎ ወጥቶ ስለነበር ነው። ያ ዘፈን ሲወጣ ኢትዮጵያዊ ተመልካች በማንም ዕቅድ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም።

ወደ መጀመሪያው ፖስተር ልመለስ። ቦዬጋ በ2020 ከአንድ የብሪታንያ መጽሔት ጋር ባደረገው ቃለ መጠይቅ ዲዝኒን ወቅሷል። ቅሬታው ግን የቻይናውን ፖስተር የሚመለከት አልነበረም። ጥቁር ገጸ ባሕርይ አምጥታችሁ፣ በማስታወቂያ ላይ በፊልሙ ውስጥ ካለው ቦታ በላይ አግዝፋችሁ ከሸጣችሁ በኋላ ወደ ዳር አትግፉት የሚል ነበር። የአሜሪካውን ፖስተር እንደገና አየሁት። ሰይፉን ይዞ ጎላ ብሎ ቆሟል።