ዘጠነኛ ፎቅ ያለው ጉድጓድ

ለአዲስ አበባው ጀማሪ የሪል ስቴት ኢንቨስተር ሐውልት ይቁምለት ባይ ነኝ። ደመወዙ ከኪራይና ከአስቤዛ አልፎ ወር አይደርስም። እሱ ግን ከዕቁብ፣ ከብድርና ውጭ አገር ካለችው እህቱ አሰባስቦ 8 በመቶ ቅድመ ክፍያ ከፈለና ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ «ኢንቨስት አደረግኩ» አለ። ወንድ!

ምን ገዛ? ለቡ አካባቢ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ። ይቅርታ፣ ጉድጓድ አልኩ እንዴ? ባለ ሦስት መኝታ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ የመዋኛ ገንዳ ያለው። ገንዳው እንኳን ከወዲሁ ሥራ ጀምሯል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ይሞላል።

ብልጠቱን ልብ በሉልኝ። ሌላው ሞኝ ካርታው በማን ስም ነው፣ የግንባታ ፈቃድ አለው ወይ፣ ቦታው ለባንክ ብድር ተይዞ ይሆን እያለ ክፍለ ከተማ ሲመላለስ ጫማውን ይጨርሳል። የኛ ጀግና ቲክቶክ ላይ ሱፍ የለበሰ «የሽያጭ አማካሪ» አየ፣ «የቀሩት ሦስት ቤቶች ብቻ ናቸው» ተባለ፣ ገዛ። ሦስቱ ቤቶች ዘንድሮም ሦስት ናቸው። በረከት ያለው ነገር መቼ ያልቃል!

ውሉን አላነበበም። ያን ሁሉ ገጽ ማን ያነባል? ካሬው ሲለካ ደረጃውና ኮሪደሩም አብረው እንደሚቆጠሩ፣ ብረትና ሲሚንቶ ሲወደድ ቀሪው ክፍያም እንደሚወደድ፣ እሱ አንድ ወር ቢያዘገይ ቅጣት እንዳለበት ተጽፏል። ሻጩ ሁለት ዓመት ቢያዘገይስ? እሱማ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» ነው። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ተለቆ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲሻገር፣ ሻጩ ምክንያት አገኘ። ኢንቨስተራችንም ደስ አለው፤ «ቤቴ እጥፍ አወጣ» ብሎ ምሳ ጋበዘን። መሠረቱ ገና አልፈሰሰም።

እኔ የምቀናው ግን በዋስትናው ነው። ሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ አያቶቻችን የተነጠቁት ሠርተው የጨረሱትን ቤት ነበር። ጥፋታቸው ግልጽ ነው፤ መጨረስ አልነበረባቸውም። የልጅ ልጃቸው ተምሯል። አየር ላይ ያለውን ዘጠነኛ ፎቅ የትኛው መንግሥት ደርሶ ይወርሰዋል?

ሰሞኑን ደግሞ አከራይ ሆኗል፣ በሐሳቡ። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማለቱ እንቅልፍ ነስቶታል። «በገዛ ቤቴ ተከራይ ማስወጣት አልችልም?» እያለ ይብከነከናል። ይህን የሚለው ተከራይቶ በሚኖርበት ሰርቪስ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። ከዚያች ቤት እስካሁን እንዳይወጣ ያቆየውም ያው አዋጅ ነው፣ ግን አክብረን ዝም እንላለን፤ ባለሀብትን ማሳፈር ነውር ነው።

አሁን ማማከር ጀምሯል። ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን የአክስቱን ልጅ «ብር ባንክ ውስጥ ይሟሟል» ብሎ አሳመናትና ከሱ በላይ ያለውን አሥረኛ ፎቅ ገዛች። ደንበኛ ስላመጣ ምስጋና ተብሎ ከሻጩ የተሰጠውን ኮሚሽን ለራሱ ሁለተኛ ዙር ክፍያ አዋለው።