ጡሩምባችንን መልሱልን

ባለፈው እሑድ የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎኮቹ ኋላ ባለችው ቆርቆሮ ቤት። አጀንዳው የብረት ድስትና የወንበር ግዢ ነው ተብለን ነው የሄድነው። ድስቱ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ከዚያ «ልዩ ልዩ» የምትባለዋ መጣች። በአገራችን ስብሰባ ጉድ የሚፈላው ሁሌም ልዩ ልዩ ላይ ነው። ጡሩምባ ነፊያችን ከዚህ ወር ጀምሮ ይሰናበት፣ የሞት ማስታወቂያ በቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ይውጣ፣ ከቀብር የቀረ እንደ ቀድሞው ይቀጣ፣ «አላየሁም» ማለት ምክንያት አይሆንም ተባለ። በእጅ ብልጫ አለፈ። ከወጡት እጆች ግማሾቹ ስልክ እንደያዙ ነው የወጡት። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ እጁን ካወረደ በኋላ «ምን ተባለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ ቢሆን እዚያው ተጨቃጭቄ ዝም እል ነበር። ግን ኮዬ ፈጬ ያለው ጓደኛዬም፣ አያት ያለችው እህቴም ጋ ወሬው ይኸው ነው። ጡሩምባ ኋላ ቀር ነው፣ ሕፃን ይቀሰቅሳል፣ ዘመናዊ እንሁን። እህቴማ እንደ ብሥራት ነው የነገረችኝ።

ሰብሳቢያችን ያቀረቡት ምክንያት አንድ ነው። «በዚህ ዘመን ስልክ የሌለው ሰው ማነው?» አሉ። ቤቱ ሳቀ፣ አንዳንዱም አጨበጨበ። እስቲ እኔ ልመልስ። ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለኝ ይላል። ጥሩ። የሚቆጠረው ግን መስመር ነው። እኔ ብቻዬን ሁለት ሲም አለኝ፣ ባለቤቴም ሁለት አላት፤ አራት ሰው ሆነን ለቅሶ ቤት አንገባም። ደግሞ ስልክ ያለው ሁሉ ኢንተርኔት የለውም፣ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ጥቅል የለውም፣ ጥቅል ያለው ሁሉ በዚያች ሰዓት ቻርጅ የለውም። ይኼን ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው ማስረዳት ነበረብኝ? ባለፈው ወር ስንት ቀን ነው በሻማ ያመሸነው?

የአራተኛ ፎቋ እማማ ስልክ አላቸው። ባለ ቁልፍ ኖኪያ ነው፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ። ቤሩት ያለችው ልጃቸው ስትደውል አረንጓዴዋን ይጫናሉ፣ ሲጨርሱ ቀይዋን። በቃ። እማማ ኑሯቸው ፒያሳ ነበር፤ ወደዚህ የመጡት በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያዋጡበት እድር አባሉ አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ ተበትኖ ቀረ። እዚህ እንደ አዲስ የመመዝገቢያ ከፍለው ገቡ። እሑድ ዕለት ከኋላ ወንበር ተነሥተው «ታዲያ እኔ የሰው ሞት በምን ልስማ?» አሉ። አንዱ ጎረምሳ «ልጅ ያንብብልዎት» አላቸው። ልጃቸው ቤሩት ናት አልኩ እኮ። እማማ ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ።

ስልክ የሌለው ማነው? ይኸው። ጡሩምባ ነፊው ራሱ ስማርት ስልክ የለውም! የተሰናበተበት ውሳኔ የተለጠፈው ግሩፑ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ የለም።

ግን ዋናው ንዴቴ ይኼ አይደለም። ነገ ለሁሉም ሰው ስማርት ስልክ ቢታደልም እቃወማለሁ። ለምን መሰላችሁ? ጡሩምባ ነፊው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሲያልፍ የሚለውን አስታውሱ። ጡሩምባውን ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። መጨረሻ ላይ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ከሰማህባት ደቂቃ ጀምሮ ዕዳ ገባህ ማለት ነው። የጎረቤትህን በር ትመታለህ። በረንዳ ወጥተህ «ሰማችሁ ወይ?» ትላለህ። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጠይቃል፣ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፣ ባለሱቁ ዳቦ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ይናገራል። ፀሐይ ሳትወጣ ሟቹን ያላነሣ ቤት የለም። ማን ድንኳን ያወጣል፣ ማን ውሃ ይቀዳል፣ ከሟቹ ሚስት ጋር ማን ያድራል የሚለው ሁሉ የሚያልቀው ያኔ ነው፣ ገና በፒጃማ እያለን፣ ደረጃ ላይ። ሙስሊም ጎረቤታችን ሲሞት ደግሞ ቀብሩ አይቆይም፣ ሰዓታት ናቸው ያሉን። በዚያች ጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው ምን ነበር? የሰው ጉሮሮ ነበር።

ቴሌግራም ላይ ያ ዕዳ የለም። ሁሉም ግሩፑ ውስጥ ስላለ ሁሉም አይቷል ብሎ ሁሉም ያስባል። ስለዚህ ማንም ለማንም አይናገርም። ሰው እንዲሰማ ተብሎ የመጣው ነገር ሰውን አፉን ዘጋው። ለመሆኑ የእኛን ግሩፕ አይታችሁታል? «ውሃ መጣ እንዴ?» ይላል አንዱ። ሌላው የማኛ ጤፍ ዋጋ ይለጥፋል። ሌላዋ በየማለዳው አበባ ያለበት «መልካም ቀን» ትልካለች፣ እግዜር ይስጣት። የሰው ሞት የሚገባው እንግዲህ በጤፍና በአበባ መሐል ነው። ግማሹ አባል ግሩፑን ድምፁን ዘግቶታል። እኔም ዘግቼው ነበር፣ አልዋሽም።

ውሳኔው ሦስት ቀን ሳይሞላው ተፈተነ። ማክሰኞ ማታ ሁለት ብሎክ አልፈው ያሉ አዛውንት ጎረቤታችን አረፉ። መልእክቱ የተለጠፈው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ነው። መብራት አልነበረም። ቀብሩ ረቡዕ 6 ሰዓት ነው። ጠዋት ስከፍተው 43 «ነፍስ ይማር» ተደርድሯል። የተጋጠመ እጅ፣ ሻማ፣ የተሰበረ ልብ፣ የሚያለቅስ ፊት። ቀብሩ ላይ ከቤተሰቡ ሌላ ከእድሩ የተገኘነው 14 ሰዎች ነን። ቆጥሬናል። ቃሬዛውን የሚቀይረን ጠፍቶ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም። እማማስ? ሐሙስ ዕለት ዳቦ ቤት ተሰልፈው ነው የሰሙት። ከሟቹ ባለቤት ጋር በየቀኑ ቡና የሚጠጡ ሴት ናቸው! አሁን መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ተብለው ተጽፈዋል። ቅጣቱ አይቀርላቸውም። እኔ ይኼን ዘመናዊነት አልለውም፣ ግፍ ነው የምለው።

ከ43ቱ አንዱን ዓርብ ታክሲ ተራ አገኘሁት። «ቀብር ላይ አላየሁህም» አልኩት። «ጽፌአለሁ እኮ!» አለኝ፣ ቅር ብሎት። ጽፌአለሁ! ለቅሶ ይደረሳል ነው የምንለው፣ ለቅሶ ይጻፋል የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። መድረስ እግር ይጠይቃል፣ ጫማ ይጠይቃል፣ አንድ ቀን ፈቃድ ይጠይቃል። አውራ ጣቱን ያነቃነቀ ሁሉ ደርሻለሁ ካለ ድንኳኑን ለማን ነው የምንተክለው? ወንበር ለመግዛት ስንጨቃጨቅ ከመዋል መጀመሪያ ማን እንደሚቀመጥበት ብንነጋገር ይሻል ነበር።

መርዶንም ሳላነሣ አላልፍም። ድሮ መርዶ ሥርዓት ነበረው፣ ድሮ ስል ልጅነቴን ነው። ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ቀድሞ ተነግሮት፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው የሚረዳው። ባለፈው ወር ከቃሊቲ በተሳፈርኩበት ታክሲ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን እየነካካች ነበር። ድንገት ጮኸች። የአባቷ ፎቶ ነው፣ ከጎኑ ሻማ ተደርጎ፣ አንድ የአክስቷ ልጅ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት። ሹፌሩ ሙዚቃውን አጠፋና ዳር ያዘ። ልጅቷ አባቷ መሞቱን የሰማችው ስሟን እንኳ በማናውቅ ሰዎች መሐል ነው። ሁለት ሴቶች አብረዋት ወርደው መንገድ ዳር ያዟት፣ ወያላው ሒሳብ ሳይቀበል ውሃ ገዝቶ ሰጣት። የለጠፈው ልጅ ክፉ ነው አልልም፣ አዝኖ ነው። ግን ስልክ የለመደ እጅ መጀመሪያ ይለጥፋል፣ ከዚያ ያስባል።

አውቃለሁ፣ ሁሉም ነገር ወደ ስልክ ገብቷል። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ የምንቀዳው በሞባይል እየከፈልን ነው። ባንኩ በቴክስት ያናግረናል፣ ትምህርት ቤቱ የልጄን የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልካል። ይሁን። ነዳጅ አያለቅስም። አሜሪካ ያለ ወንድም ቶሎ እንዲሰማም ግሩፑ ይጠቅማል፣ እሱን ማንም አልከለከለም። ግን «በቴሌግራም ብቻ»? ያቺ «ብቻ» ናት ያቃጠለችኝ።

ደግሞስ ኔትወርኩ ሲጠፋ? መቼም አንረሳም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ቴክስት የሚባል ነገር ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሰው መሞቱን አላቆመም፤ ድንኳንም ተተክሏል፣ ቀብርም ተቀብሯል። ጡሩምባ ፈቃጅ አያስፈልገውም። ካርድ አይሞላለትም፣ «ያለዎት ጥቅል አልቋል» አይልም።

ወጪ ለመቀነስ ነው ያሉም ነበሩ። ለጡሩምባ ነፊው የምናወጣው ከእያንዳንዳችን በወር 10 ብር ነው። ተናጋሪው በቀን ስንት ብር ጥቅል እንደሚገዛ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ያን ሰዓት ቲክቶክ እያየ ነበር።

ውሳኔው እንደገና እንዲታይ 20 አባላት መፈረም አለባቸው፣ ደንባችን እንደዚያ ይላል። እስካሁን 9 ፊርማ አግኝቻለሁ፣ በየደረጃው እየወጣሁ፣ በወረቀት። ቀጣዩ ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ 3 ሰዓት ላይ ነው። ጥሪው በቴሌግራም ይመጣል ተብሏል። እማማን እኔ በራቸውን አንኳኩቼ እነግራቸዋለሁ፣ ጡሩምባ ነፊውንም።