ማስተካከያ፦ «ዘ ሪቨር» የዘፋኙ የራሱ የፍቺ ታሪክ አይደለም
በአቃቂ ቃሊቲ ለሙዚቃ ወዳጆች በተበተነው የግጥም ማብራሪያ ላይ፣ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ዘ ሪቨር» (ወንዙ) የተሰኘው ዘፈን ሚስቱ ከድታው በመፋታቱ የዘፈነው ነው ተብሏል። ይህ ስሕተት ነው። ዘፈኑ በአልበም የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ሲሆን፣ ዘፋኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገባው በ1985 ነው። ያልነበረ ትዳር እንዴት ይፈርሳል? መነሻ የሆኑት እህቱና ባለቤቷ መሆናቸውን ራሱ ተናግሯል፤ በወጣትነታቸው ተጋብተው ባልየው ከግንባታ ሥራው ተፈናቅሎ ነበር።

በግጥሙም ውስጥ ፍቺ የለም። ወጣቱ ፍቅረኛው ታረግዝበታለች፤ ለአሥራ ዘጠነኛ ዓመት ልደቱ የሠራተኛ ማኅበር መታወቂያና የሠርግ ኮት ይሰጠዋል። ጋብቻው ያለ አበባ፣ ያለ ሙሽራ ልብስ በፍርድ ቤት ይፈጸማል። ከዚያ በኢኮኖሚው ምክንያት ሥራ ይጠፋል። እርሱ ያለፈውን የረሳ ይመስላል፣ እርሷም ግድ የሌላት ትመስላለች። የፍቅሩ መክሰም ይኸው ነው፤ ክህደት የሚል አንድም ስንኝ የለም። ሥራ ሲጠፋ ዝምታ ቤት እንደሚገባ የአቃቂ የግንባታ ሠራተኛ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ማብራሪያው ግን ጥፋቱን በሚስቲቱ ላይ መጣሉ እጅግ ያሳዝናል። የማብራሪያውን ወረቀት ለሌሎች የምታካፍሉ ስለ ፍቺው የሚናገረውን አንቀጽ ሰርዛችሁ አስተላልፉ።